ኢንተርኔቱን ማን አበላሸው?

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ዓርብ ማታ የልጅ ልጄን ስልክ ተቀብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጥፋቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ «የቤቱን ኢንተርኔት አበላሽቷል» ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ፈራጇ እኔ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት የሠራሁ፣ «በሽተኛውን ሳትጠይቁ፣ ሳትዳስሱ መድኃኒት አትስጡ» እያልኩ ስንቱን ተማሪ ነርስ ሳስለቅስ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ስጽፍ የለመዳችሁኝ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዋይፋይ ነውና ግር አይበላችሁ። በእኛ ቤት ኢንተርኔት ቅንጦት አይደለም። ሴት ልጄ፣ የልጁ እናት፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። የልጁ ወረቀት ገና አላለቀም። እሷ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ እሑድ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እሷ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ትደውላለች። በስልክ ሳይሆን ሳሎን ባለው በትልቁ ኮምፒዩተር እንድናነጋግራት የምትፈልገው እሷው ናት። «በስልክ ግንባሩን ብቻ ነው የማየው» ትለኛለች። ልጁ ወደ ኋላ ሄዶ በሩ ሥር ይቆማል፤ እሷ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ስንት ጣት እንዳደገ ይከራከራሉ። ለእሷ የሳምንቱ ደመወዝ ይህ ነው።

እንግዲህ ያን ዓርብ ኮምፒዩተሩን ብከፍተው፣ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ግን አንድም ነገር አይከፈትም። ኢሜይል ብል ቀይ ማስጠንቀቂያ፣ መደወያውን ብል እምቢ። ስልኬ ላይ ግን ይሠራል። ሐሙስ ከሰዓት ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ጌም ሲጫወት ያየሁት ማንን ነው? ልጁን። ምርመራው እዚሁ ላይ አለቀ። «እማማ፣ ቆይ ልንገርሽ...» ሲል «ዝም በል!» አልኩት። ዝም አለ፤ እስከ እሑድ ድረስ አላናገረኝም።

ቅዳሜን በሕክምና አሳለፍኩ። ራውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ከቡፌው ላይ አንሥቼ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። 994 ደውዬ መስመሩ ጤነኛ እንደሆነ ተነገረኝ። አንድ የዕድራችን ሰው በስልክ «ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጫኚያት» ብሎኝ መርፌ ይዤ ቆሜ ነበር፤ እግዜር ሲያድነኝ መነጽሬን አጣሁት። ያቺ ቀዳዳ ምን እንደምታደርግ በኋላ ነው የሰማሁት፤ እመለስበታለሁ።

እሑድ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ጭንቅ ሲይዘኝ ከታች ፎቅ የምትኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የምትማር የጎረቤቴን ልጅ ጠራኋት። ኮምፒዩተሩን ከመንካቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? መብራት ሄዶ ነበር? ሌላ ዕቃ ላይ ይሠራል? አፈርኩ። በሽተኛ ሲመጣ የምንጠይቀው ይህንኑ አይደል? የጠየቀችኝን፣ የነገረችኝንና እኔም ከዚያ ወዲህ እየጠየቅሁ ያጠናሁትን ላካፍላችሁ፤ ከዚያ የልጁን ነገር እጨርስላችኋለሁ።

ዋርድ ውስጥ አንድ ሰው ቢያስመልሰው ሆዱን እናያለን፤ አምስት ሰው ቢያስመልሰው ወጥ ቤቱን ነው የምናየው። ዋይፋይም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የታመመው አንዱ ኮምፒዩተር ነው ወይስ ቤቱ በሙሉ?» ነው። ይህን በስልክ ስትፈትሹ ግን ብዙዎቻችን የምንታለልበት ነገር አለ። ስልክ ዋይፋይ ሲያጣ ሹልክ ብሎ የራሱን ዳታ ይጠቀማል። እናንተ «ዋይፋዩ ይሠራል» ትላላችሁ፤ የሚሠራው ግን ፓኬጃችሁ ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ስባችሁ የሞባይል ዳታውን አጥፉት፣ ዋይፋዩን ብቻ ተዉት፣ ከዚያ አንድ አዲስ ነገር ክፈቱ። አዲስ ያልኩት ቀድሞ የተከፈተ ገጽ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚቆይ ነው።

በስልኩም ከጠፋ ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ውጪ ነው፤ ወደ ራውተሩ ሂዱ። ራውተር ፊቱ ላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች የልብ ምት ናቸው። ጤነኛ በሆነበት ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ በታመመ ቀን ከፎቶው ጋር ታስተያዩታላችሁ። ይህ የራሴ ዘዴ ነው፤ የሚመጣ ቴክኒሻን ሁሉ ይወድልኛል። ፋይበር የገባላችሁ ሰዎች ኤል፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፉበትን መብራት ፈልጉ። እሱ በቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ከውጪ እናንተ ቤት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ፋይበር መስታወት ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው። ሶፋ ቢጫነው፣ በምስማር ቢታሰር፣ እንደ ልብስ ገመድ ቢታጠፍ ይሰበራል። ሠራተኛዬ ለጽዳት ብላ አጥፋ ከቡፌው ኋላ ልትወትፈው ስትል አንዴ ደርሼባታለሁ። ገመዱ ካልታጠፈ፣ መሰኪያው ካልላላ፣ ቀዩ ግን ካልጠፋ የእናንተ ሥራ አልቋል፤ 994 ደውሉ።

በድሮው የስልክ መስመር ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ደግሞ የቤት ስልኩን እጀታ አንሥታችሁ አዳምጡ። ካፏጨ ወይም ከተንኮሻኮሸ መስመሩ ራሱ ታሟል፤ ራውተሩን ብታሹት አይድንም። ስልኩና ራውተሩ በአንድ መስመር ሲጠቀሙ መሐል የምትገባ ትንሽ መለያ ሳጥን አለች፤ እሷም ተነቅላ ወይም ስልኩ ያለ እሷ ተሰክቶ እንደሆነ እዩ።

ማጥፋትና ማብራት ብዙ ጊዜ ያድናል፤ ግን አጠፋፉን እንወቅበት። ከሶኬቱ ይነቀል፣ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቅ፣ ይሰካ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ እጅ ይሰብሰብ። እኔ ቅዳሜ ያደረግሁት በየአሥር ሰከንዱ መንቀልና መሰካት ነበር። ከሰመመን እየነቃ ያለን ሰው በጥፊ እንደመምታት ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ነቅሎ መቆየት ጥሩ ነው፤ መብራቱ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ስለሚመጣ አዳፕተሩን ያቃጥላል።

አሁን ያቺ የመርፌ ቀዳዳ። እሷ ማጥፊያና ማብሪያ አይደለችም። ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋል፣ ብዙ ቤት ደግሞ ኢንተርኔቱ ሲገባ ቴክኒሻኑ የሞላው መለያ ስምና ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። እነሱን በወረቀት ካልያዛችሁ በጤነኛ መስመር ላይ ኢንተርኔት አልባ ትሆናላችሁ። ሆድ ቁርጠት ለያዘው ሰው ቀዶ ሕክምና እንደማድረግ ነው። መርፌውን ለልብስ ስፌት አቆዩት።

ከስልኩ ጋር ስትፈትኑ አንዱ ክፍል ውስጥ እየሠራ ሌላው ክፍል ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ በሽታው ርቀትና ግድግዳ ነው። የዋይፋይ ሞገድ ብሎኬትና ብረት አይወድም፤ ውኃና ትልቅ መስታወትም እንዲሁ ያዳክሙታል። እኛ ራውተሩን የት ነው የምናስቀምጠው? ቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከብርጭቆዎች መሐል፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አልብሰን። ቤቱ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ራቁቱን ይቀመጥ። ማይክሮዌቭ አጠገቡ ካለ ምግብ ሲሞቅ ይቆራረጣል፤ ሁለቱም የሚጠቀሙት ሞገድ ተቀራራቢ ነውና። ብዙ አዳዲስ ራውተሮች ደግሞ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ይረጫሉ፤ አንደኛው 2.4፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ባለ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያይ ይደክማል፤ አሮጌ ኮምፒዩተርም ጭራሽ ላያየው ይችላል። ባለ 2.4ቱ ቀርፋፋ ቢሆንም ራቅ ብሎ ይደርሳል። በስሙ መጨረሻ 5ጂ የሚል ካያችሁ ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አታምታቱት፤ ዝምድና የላቸውም። ሩቅ ክፍል ያለ ኮምፒዩተር ከባለ 2.4ቱ ጋር ይገናኝ።

ኮንዶሚኒየም ለምንኖር አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። ዝርዝሩን ስትከፍቱ የሃያ ጎረቤት ዋይፋይ ይመጣል። ሁሉም በአንድ መተላለፊያ ሲጮህ ማንም አይሰማማም፤ ማታ ማታ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በባለ 2.4ቱ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት መተላለፊያዎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከራውተሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ባዶው መቀየር ይቻላል፤ ይህን ግን ለሚያውቅ ልጅ ስጡት፣ እኔም አልደፍርም።

በስልኩ ሠርቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ ከጠፋ ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። ላፕቶፕ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአውሮፕላን ሥዕል ያለባት ቁልፍ ናት። ልጅ ወይም ድመት ስትነካት ዋይፋዩ ድርግም ይላል። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ጎናቸው ላይ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው። እንደኛው ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ዋይፋዩን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከኋላው የተሰካች የጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት፤ ከብረት ሣጥን ኋላ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቃ፣ ከጠረጴዛ ሥር። ከዚያ ነቅላችሁ ከፊት ለፊት ብትሰኳት ሌላ ኮምፒዩተር የገዛችሁ ይመስላችኋል።

የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አሮጌውን ይዞ በሩን ሲያንኳኳ ይውላል። ከዝርዝሩ ውስጥ የቤታችሁን ስም ተጭናችሁ «ፎርጌት» በሉት፤ እርሳው ማለት ነው። ከዚያ እንደ አዲስ አገናኙት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለያይ አትዘንጉ።

ሌላ ጊዜ ምልክቱ ይመጣና «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ያን ጊዜ የኮምፒዩተሩን አድራሻ ተመልከቱ፤ የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ስትከፍቱ አይፒ የሚል ቁጥር አለ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ራውተሩን «ቁጥር ስጠኝ» ብሎ ጠይቆ መልስ አላገኘም። ካርድ ክፍል ሰው አጥቶ ራሱ ለራሱ የካርድ ቁጥር የጻፈ በሽተኛ ነው፤ ማንም ሐኪም አይጠራውም። ሁለቱንም አጥፍቶ ራውተሩን ቀድሞ፣ ኮምፒዩተሩን ኋላ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልሆነ ዊንዶውስ ውስጥ የኔትወርክ ማስተካከያው ታች «ኔትወርክ ሪሴት» የሚል አለ፤ የመጨረሻ መድኃኒት ነው፣ ኮምፒዩተሩ የያዛቸውን የዋይፋይ ቃሎች ሁሉ ስለሚያስረሳ ወረቀታችሁን አዘጋጁ።

የእኔው ኮምፒዩተር ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረበትም። ምልክቱ ሙሉ፣ አድራሻው ትክክል፣ መስመሩ ጤነኛ። የጎረቤቴ ልጅ ቀዩን ማስጠንቀቂያ አነበበችና ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ።

ራሱን ለተመታ ሰው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። ቀኑ ስንት ነው? ያለህበት የት ነው? እኔ ማን ነኝ? እኔን የምትመረምረኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። ለካ ጣቷን የዘረጋችው ወደ ኮምፒዩተሩ ጥግ ነው። ጃንዋሪ 2018 ይላል።

«ታዲያ ምን አለበት?» አልኩ። «2018 አይደለን እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሐሙስ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ለዕድሩ ደብዳቤ ልጽፍ ብቀመጥ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ቀን ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ነው። በራሴ ኮርቼ ላስተካክለው ገባሁ። ራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን ማብሪያ አጠፋሁ። ወሩንና ቀኑን ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ፣ ከትንሿ የፈረንጅ ቁጥር ላይ ወሰድኩ፤ ዓመቱን ግን ከአናቱ በትልቁ ከተጻፈው። 2018። የፈረንጅ ወርና ቀን ከአበሻ ዓመት ጋር ዳርኩት።

ይህ ለምን ኢንተርኔት ይከለክላል? ባንክም ሆነ ኢሜይል፣ ገጹ ሲከፈት መታወቂያውን ለኮምፒዩተሩ ያሳያል። መታወቂያው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ያንን ከራሱ ቀን ጋር ያስተያያል። የኔው ኮምፒዩተር ጃንዋሪ 2018 ላይ ነኝ ብሎ ያምናል፤ የመጣለት መታወቂያ የተሰጠው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነው። መድኃኒት ስረከብ የተመረተበት ቀን ከስምንት ዓመት በኋላ የሚል ጠርሙስ ቢመጣልኝ ምን አደርግ ነበር? አልቀበልም እል ነበር። እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ማስጠንቀቂያውም በእንግሊዝኛ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይል ነበር፤ እኔ ቀዩን እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩም።

ዓመቱን 2026 ስታደርገው ሁሉም ተከፈተ። ቀጥላ የሰዓት ቀጠናውን አየችልኝ። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባን በዝርዝሩ ብትፈልጉ ላታገኟት ትችላላችሁ፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አትሙሉ። ከቀኑ 8 ሰዓትን እንደ ጠዋት 8 ሰዓት ብትሞሉት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሰዓት የሚሠሩ የማረጋገጫ ቁጥሮች አይቀበሏችሁም።

«ግን መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን የሚረሳው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፤ ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱን የምትቆጥርለት እሷ ናት። ስትሞት ቀኑ ይጠፋዋል። የብዙዎቹ ቁጥር ሲ አር 2032 ነው፤ የእጅ ሰዓት ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አትጠፋም። ቀኑ በጣም ከራቀ ደግሞ ኮምፒዩተሩ በኢንተርኔት ራሱን ማስተካከል የሚያቅተው ጊዜ አለ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ መብራት ስንት ጊዜ ሄዷል፤ እንዴት ይሠራ ነበር?» አልኩ።

ልጁ በሩ ሥር ቆሟል። እናቱ ቁመቱን የምታይበት ቦታ ላይ። «እኔ ነኛ የማስተካክለው» አለ። «መብራት ሲመጣ ሁልጊዜ አስተካክለዋለሁ። ዓርብም ልነግርሽ ነበር።»

ጎረቤቴ ልጅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት አልፈለገችም መሰለኝ። በሥራ ዘመኔ በተሳሳተ መድኃኒት ማንንም አልጎዳሁም፤ ከሰው ጋር የነበረውን አስታማሚ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ጊዜ ግን ከዚያን ዓርብ ሌላ ትዝ አይለኝም። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ስልኩን ሰጠሁት። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ጌታ» አልኩት፤ እሷ ፊት። ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ ይቅርታ መጠየቅ ለእኛ ዘመን ሰው አፍ ላይ ይከብዳል፤ ከበደኝም። እሱ «እሺ» ብቻ አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሻይ ላፍላልሽ?» አለኝ።

10 ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለች። ዘገያችሁ ብላ ተጨንቃ ነበር። ምን ተፈጠረ ብላ ስትጠይቅ ልጁ ቀድሞኝ «መብራት ነበር» አላት። በሩ ሥር ሄዶ ቆመ።

ሰኞ ባትሪዋን ገዛን፣ ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅሎ የጎረቤቴ ልጅ እያሳየችው ራሱ ቀየራት። ከስክሪኑ ሥር ደግሞ በእሱ የእጅ ጽሑፍ የተለጠፈች ወረቀት አለች፦ «እማማ፣ እዚህ ቀን የሚሞላው በፈረንጅ ነው። ካጠራጠረሽ እኔን ጥሪኝ።»